የራግቢን የዓለም ዋንጫ ከደብረ ኤልያስ ሆኖ መከታተል

  የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ራግቢ ነው። መስከረም 20 ቀን 2020 ዓ.ም.፣ መስቀል ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ፐርዝ በተባለችው የአውስትራሊያ ከተማ የራግቢ የዓለም ዋንጫ ይጀመራል። 24 አገሮች ይካፈሉበታል፤ ኢትዮጵያ ግን የለችበትም። የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ ለማየት ዲኤስቲቪ ቤት የሚሰበሰብ ወጣት ይህን ሲሰማ «ታዲያ ለእኛ ምናችን ነው?» ቢል አይፈረድበትም። የሚሟገትለት ቡድን የለው፣ ሕጉን አያውቅ፣ ኳሷ እንኳ ክብ አይደለችም። የዛሬው ንግግሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው። ኢትዮጵያ ራግቢ ሳትጫወት በራግቢ ምክንያት ከባድ ዋጋ የከፈለች አገር ናት። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው የራግቢን የዓለም ዋንጫ ሲከታተል ማን አሸነፈ ብሎ ከመጠየቁ በፊት ማን እንዲሰለፍ ተፈቀደለት ብሎ ይጠይቃል። በእኔ እምነት የውድድሩ ትልቁ ቁም ነገር ያለውም እዚያ ላይ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ የምጠራው በእኛው አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

በቅድሚያ ስለ ሕጉ ትንሽ እንበል፤ ያለ ሕጉ ጨዋታው ግርግር ብቻ ይመስላልና። በአንድ ወገን 15 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ጨዋታው 80 ደቂቃ ነው፤ አርባ አርባ ሆኖ ለሁለት ይከፈላል። ሞላላዋን ኳስ በእጅ ይዞ መሮጥ ይቻላል፤ ለጓደኛ በእጅ ማቀበል የሚቻለው ግን ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ብቻ ነው። ወደ ፊት የምትሄደው ይዘዋት ሲሮጡ ወይም በእግር ሲመቷት ነው። ተጋጣሚው ኳስ የያዘውን ሰው ከትከሻው በታች ይዞ መሬት ላይ መጣል ይፈቀድለታል። ኳሷን ከተጋጣሚው የመጨረሻ መስመር አሻግሮ በእጁ መሬት ያስነካ ተጫዋች ለቡድኑ 5 ነጥብ ያስገኛል፤ ይህ ትራይ ይባላል። ከትራይ በኋላ ኳሷን መትቶ በሁለቱ ረጃጅም ቋሚዎች መካከል፣ ከአግዳሚው በላይ ማሳለፍ 2 ነጥብ ይጨምራል። የቅጣት ምት 3 ነጥብ ነው። በጨዋታ መካከል ኳሷን መሬት አንጥሮ ወዲያው መትቶ በቋሚዎቹ መካከል ማሳለፍም እንዲሁ 3 ነጥብ ያሰጣል። ሌላው ዝርዝር እያዩ የሚለመድ ነው።

ጉልበት የሚጠይቅ፣ መጋጨትና መውደቅ ያለበት ጨዋታ ለጎጃም ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በገና በዓል ሰሞን ሜዳው ላይ የሚደረገውን ማስታወስ ይበቃል፤ ዱላው ይፋጫል፣ ሩሯ ቅልጥም ትመታለች። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የሚለው ብሂላችን ትልቅ ነገር ይዟል። ሜዳው ላይ ማዕረግ ይቀራል፤ በድሮው ዘመን ባለ ርስቱና ጭሰኛው እኩል ይጋፉ ነበር፤ የተመታ ቂም አይዝም። ጨዋታ ጨዋታ የሚሆነው ሰው ሁሉ በእኩልነት ሲገባበት ነው ማለት ነው። የደቡብ አፍሪካ ራግቢ ለብዙ አሥርተ ዓመታት የኖረው በዚህ ተቃራኒ ነበር። ስፕሪንግቦክ የሚባለው ብሔራዊ ቡድን የነጮች ብቻ ነበር። ጥቁሮች በየሰፈራቸው ራግቢ ይጫወቱ ነበር፤ በተለይ በምሥራቃዊ ኬፕ አካባቢ ጨዋታው ከልጅ ልጅ የወረደ ነው። አረንጓዴውን የብሔራዊ ቡድን መለያ መልበስ ግን በቆዳቸው ቀለም ምክንያት ተከልክለው ኖሩ። ስታዲየም ሲገቡም የሚቆሙት በተለየላቸው ቦታ ነበር።

ኢትዮጵያ ከዚህ ጉዳይ ጋር መጀመሪያ የተገናኘችው በእግር ኳስ በኩል ነው። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ሱዳን፣ ግብፅ፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ሲመሠርቱ የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫም አብረው አዘጋጁ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር ተቀላቅሎ የሚሰለፍበት ቡድን ለመላክ ፈቃደኛ ስላልሆነች ከውድድሩ ወጣች። መጋጠም የነበረባት ከኢትዮጵያ ጋር ስለነበር ቡድናችን ሳይጫወት ለፍጻሜ ደረሰ፤ የካቲት 9 ቀን በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ጥምቀት በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ አዲስ አበባ ላይ ያው ግብፅ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ተሸነፈችና ዋንጫው የኢትዮጵያ ሆነ። ዋንጫውን የተቀበለው አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር፤ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያናዊ። ከጣሊያን ወረራ ነፃ ከወጣች ገና ሃያ አንድ ዓመት ያልሞላት አገር የጣሊያናዊን ልጅ አምበል አድርጋ ሻምፒዮን ሆነች። ደቡብ አፍሪካ እምቢ ያለችው ድብልቅ ቡድን አዲስ አበባ ላይ ምን ማድረግ እንደሚችል በዚያን ቀን ታየ።

አሁን ወደ ራግቢው እንመለስ። የደቡብ አፍሪካ ታላቅ ተቀናቃኝ ኒውዚላንድ ናት። የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ ማኦሪ ይባላል፤ ከራግቢዋ ታላላቅ ተጫዋቾች ብዙዎቹ የወጡትም ከዚህ ሕዝብ ነው። ይሁንና በ1952 ዓ.ም. ኒውዚላንድ ወደ ደቡብ አፍሪካ ስትሄድ አስተናጋጆቿን ላለማስከፋት ማኦሪዎቹን አስቀርታ ነጮቹን ብቻ ይዛ ሄደች። ከአሥር ዓመት በኋላ ማኦሪዎች ሲፈቀድላቸው የገቡት የክብር ነጮች ተብለው ነው። ሰው በገዛ ማንነቱ ሜዳ ላይ መቆም ተከልክሎ የሌላ ዘር ስም ተለጥፎለት ሲገባ ጨዋታው ምን ያህል እንደተበላሸ ለመረዳት የራግቢ አዋቂ መሆን አያስፈልግም። ከዚያ 1968 ዓ.ም. መጣ። ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ በሶዌቶ የጥቁሮች ሰፈር፣ በአፍሪካንስ ቋንቋ እንማርም ብለው አደባባይ በወጡ ተማሪዎች ላይ ፖሊስ ተኩስ ከፈተ፤ ልጆች ሞቱ። ሁለት ሳምንት እንደተቆጠረ የኒውዚላንድ ብሔራዊ ቡድን ኦል ብላክስ ደቡብ አፍሪካ ገብቶ መጫወት ጀመረ። ደሙ ሳይደርቅ ነበር።

የሞንትሪያል ኦሊምፒክ የሚከፈተው ደግሞ በቀጣዩ ወር፣ ሐምሌ 10 ቀን ነበር። የአፍሪካ አገሮች ኒውዚላንድ ከኦሊምፒኩ እንድትወጣ ጠየቁ። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ መልስ፣ ራግቢ የኦሊምፒክ ስፖርት ስላልሆነ ጉዳዩ አይመለከተንም የሚል ሆነ። ኢትዮጵያን ጨምሮ ከሃያ በላይ አገሮች ከውድድሩ ወጡ። በዚህ ውሳኔ ዕድላቸውን ካጡት አትሌቶች መካከል የእኛው ምሩጽ ይፍጠር ይገኝበታል። ማርሽ ቀያሪው ምሩጽ በ1964 ዓ.ም. ሙኒክ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አግኝቷል፤ በ5 ሺህ ሜትር ግን በሰዓቱ ባለመድረሱ ሳይወዳደር ቀርቷል። ሞንትሪያል የቁጭቱ መመለሻ ነበረች። ምሩጽ በሌለበት የፊንላንዱ ላሴ ቪረን 5 ሺውንም 10 ሺውንም አሸንፎ ወርቁን ወሰደ። የታንዛኒያው ፊልበርት ባዪና የኒውዚላንዱ ጆን ዎከርም በ1 ሺህ 500 ሜትር ይገናኛሉ ተብሎ ዓለም ሲጠብቅ ባዪ ቀረ፤ ዎከር ወርቁን ያለ እሱ አገኘ። እንግዲህ አድማጮቼ፣ አንድ የራግቢ ጉዞ የኢትዮጵያን ሯጭ ከኦሊምፒክ ሜዳ መለሰ። ራግቢ ለእኛ ምናችን ነው ለሚለው የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፤ ሊታለፍም አይገባም። ምሩጽ ምን አጠፋ? ዕድሜ ልኩን የሮጠ ሰው ባልተጫወተበት ጨዋታ፣ ባልሄደበት አገር፣ በሌሎች ጥፋት ለምን ይቀጣል? አትሌት ዘመኑ አጭር ነው፤ አራት ዓመት ለመንግሥት ምንም ላይሆን ይችላል፣ ለሯጭ ጉልበት ግን ብዙ ነው። ተቃውሞው እውነት አለው። ምሩጽ በሐምሌ 1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ በሁለቱም ርቀት ወርቅ ማግኘቱ የሞንትሪያሉን ኪሳራ አይሰርዘውም፤ እንዲያውም ምን ሊያገኝ ይችል እንደነበር ያሳያል። ሌላም ይባላል። በ1968 ዓ.ም. አገራችንን የሚገዛው ደርግ በራሱ ሕዝብ ላይ ክንዱን ያነሣ መንግሥት ነበር፤ የሌላውን በደል ለመኮነን ምን ሥልጣን ነበረው? ለዚህ የምሰጠው መልስ የጉዳዩን ባለቤት መለየት ነው። ደቡብ አፍሪካን መቃወም ደርግ የጀመረው ሥራ አይደለም። ካርቱም ላይ በ1949 ዓ.ም. ተጀመረ። በ1953 ዓ.ም. ጥቅምት ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካ በያዘቻት በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ በዛሬዋ ናሚቢያ ጉዳይ በዘ ሄግ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሷት፤ ፍርድ ቤቱ በ1958 ዓ.ም. ክሱን ውድቅ ቢያደርግም ሙግቱ ተመዝግቦ ቀርቷል። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ደግሞ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት፣ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴም አባል ሆነው በየስብሰባው አፓርታይድ የተባለውን የደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ ሥርዓት ሲሟገቱ ኖረዋል። በሌላ በምንም የማይመሳሰሉት የንጉሡና የደርግ መንግሥታት በዚህ አንድ ጉዳይ ተመሳሳይ አቋም የያዙት ጥያቄው ከሁለቱም ስለሚበልጥ ነው።

ልዩነት ማድረግም ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ በኋላ በ1976 ዓ.ም. ከሎስ አንጀለስ፣ በ1981 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ ከሴኡል ኦሊምፒክ ቀርታለች። እነዚያ ውሳኔዎች የመጡት ከደርግ ወዳጆች ፖለቲካ ነው። በላይነህ ዴንሳሞ ሮተርዳም ላይ የማራቶንን የዓለም ክብረ ወሰን ከሰበረ ከጥቂት ወራት በኋላ ሴኡል ላይ አለመሮጡ ለማን ምን እንደጠቀመ የሚያስረዳኝ ክርክር አላገኘሁም። የሞንትሪያሉ ግን ሰው በዘሩ ምክንያት ከሜዳ መባረሩን በመቃወም የተደረገ ነው፤ የሁለቱ ሚዛን አንድ ሊሆን አይችልም። ስፖርትና ፖለቲካ አይደባለቁ የሚለው አባባልም በደቡብ አፍሪካ ጉዳይ አይሠራም። ፖለቲካውን ሜዳ ያስገባው ለጥቁሩ ተጫዋች አትሰለፍም ያለው ሕግ ነው። ከሜዳ የወጣው አፍሪካዊ ያንን አልቀበልም ከማለት በቀር ያደረገው የለም።

ኪሳራው ፍሬ አፈራ ወይ ብሎ መጠየቅም ያገባናል። በአንድ ጀምበር አላፈራም። የዓለም ዓይን ግን ራግቢው ላይ ዐረፈ። ከዚያ በኋላ ያለው ዋናው ሥራ የተሠራው በራሷ በኒውዚላንድ ደጋፊዎች መሆኑ ይገርመኛል። በ1973 ዓ.ም. ስፕሪንግቦክ ኒውዚላንድን ሲጎበኝ አገሩ ለሁለት ተከፈለ፤ አባትና ልጅ ተጣላ። ሐምሌ 18 ቀን ሀሚልተን በምትባል ከተማ ተቃዋሚዎች አጥሩን ጥሰው ሜዳው መሐል ቆሙና ጨዋታው ተሰረዘ። ከነዚያ ሰዎች መካከል ራግቢን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚወዱም ነበሩ። ለሚወዱት ጨዋታ ሲሉ ጨዋታውን አስቆሙት። ኦክላንድ ላይ ደግሞ አነስተኛ አውሮፕላን ከላይ የዱቄት ከረጢት እየጣለ ጨዋታውን አወከ። በ1979 ዓ.ም. የመጀመሪያው የራግቢ የዓለም ዋንጫ በኒውዚላንድና በአውስትራሊያ ሲደረግ ደቡብ አፍሪካ አልነበረችም። ቀጥሎ በ1984 ዓ.ም. በተካሄደውም አልነበረችም። አቶ ይድነቃቸው ያረፉት በዚያው በ1979 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ነው፤ የደከሙለትን ለውጥ ሳያዩ።

ለውጡ በሜዳ ላይ የታየው ሰኔ 17 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው። ጆሃንስበርግ፣ ኤሊስ ፓርክ። ደቡብ አፍሪካ ከኒውዚላንድ፣ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ። ፕሬዚዳንት ኔልሰን ማንዴላ የአምበሉን የፍራንሷ ፒናርን 6 ቁጥር አረንጓዴ መለያ ለብሰው ወደ ሜዳ ገቡ። ያ መለያ ለብዙ ጥቁሮች የገዢዎቻቸው ምልክት ነበር። ማንዴላ ደግሞ ከእኛ ጋር የቆየ ትውውቅ አላቸው። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ባነሣችበት ሰሞን፣ በ1954 ዓ.ም.፣ ለነፃነት ንቅናቄዎች ጉባኤ አዲስ አበባ መጥተዋል። በዚያው ዓመት ተመልሰው ኮልፌ ውስጥ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሐምሌ 29 ቀን ተያዙ፤ የተፈቱት የካቲት 4 ቀን 1982 ዓ.ም. ነው። ኮልፌ መሣሪያ መተኮስ የተማሩት ሰው ከ33 ዓመት በኋላ የጠላቶቻቸውን መለያ ለብሰው የዋንጫ ጨዋታ ከፈቱ። ጨዋታው ራሱ አስጨናቂ ነበር። አንድም ትራይ አልተቆጠረም። በ80 ደቂቃ 9 ለ 9 ወጡ፤ በጭማሪው 12 ለ 12 ደረሱ፤ በመጨረሻ ጆኤል ስትራንስኪ ኳሷን አንጥሮ መትቶ በቋሚዎቹ መካከል አሳለፋትና 15 ለ 12 ተጠናቀቀ። የደቡብ አፍሪካን 15 ነጥብ በሙሉ ያስቆጠረው እሱ ብቻውን ነው።

«ይህ ሁሉ ለታይታ ነው» የሚሉ አሉ። የሚያቀርቡት ማስረጃም ቀላል አይደለም፤ በዚያ ቀን ከተሰለፉት 15 ደቡብ አፍሪካውያን ነጭ ያልሆነው ቼስተር ዊሊያምስ ብቻ ነበር። የፕሬዚዳንት መለያ መልበስ ለሶዌቶ ልጅ የራግቢ ሜዳ አይሠራለትም፤ አሰልጣኝም አይቀጥርለትም። በዚህ እስማማለሁ። ለዚህም ነው ደጋፊ የአንድ ቀን ድል አይቶ ዞር ማለት የለበትም የምለው። ሰልፉን ከውድድር ውድድር ማነጻጸር አለበት፤ ማንዴላ የጀመሩት ነገር እውነት መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው እንደዚያ ነው። በ2000 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ እንደገና ዋንጫ ስታነሣ አምበሉ ነጭ ነበር። ጥቅምት 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ዮኮሃማ፣ ጃፓን ውስጥ እንግሊዝን 32 ለ 12 ስታሸንፍ ግን ዋንጫውን ከፍ ያደረገው ሲያ ኮሊሲ ነው፤ የስፕሪንግቦክ የመጀመሪያው ጥቁር አምበል። ኮሊሲ በፖርት ኤልዛቤት አጠገብ ባለችው የዝዊዴ የጥቁሮች መንደር በድህነት ያደገ ልጅ ነው። የተወለደው ሰኔ 9 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው፤ የሶዌቶ ተማሪዎች ከተገደሉ ልክ በ15ኛው ዓመት። በዚያ ፍጻሜ ማካዞሌ ማፒምፒ የተባለ ከምሥራቃዊ ኬፕ የወጣ ጥቁር ተጫዋች ትራይ አስቆጠረ። ደቡብ አፍሪካ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ዋንጫ ያነሣችው በፍጻሜው አንድም ትራይ ሳታስቆጥር ነበርና የመጀመሪያው የእሱ ሆነ። ጥቅምት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ደግሞ ኒውዚላንድን 12 ለ 11 አሸንፋ አራተኛውን ዋንጫ ወሰደች፤ አምበሉ ያው ኮሊሲ ነበር። ከሩብ ፍጻሜ ጀምሮ ፈረንሳይን 29 ለ 28፣ እንግሊዝን 16 ለ 15 አሸንፋ በየጨዋታው በአንዲት ነጥብ ብልጫ ነው ያለፈችው። ይህን ውጤት በጋዜጣ ያነበበ ሰው ዕድል ይለዋል። ሰልፉን ከ1987 ዓ.ም. ጋር ያነጻጸረ ሰው ግን አገሪቱ ቀድሞ ከሜዳ ታስቀራቸው የነበሩትን ልጆቿን ማሰለፍ እንደጀመረች ያያል፤ ጉልበቷ ከየት እንደመጣም ይገባዋል።

በመጪው ውድድር ሌላም የምንከታተለው ነገር አለ። ከአፍሪካ ከደቡብ አፍሪካ ሌላ በቀጥታ ያለፈችው ዚምባብዌ ናት፤ ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ካምፓላ ላይ ናሚቢያን 30 ለ 28 አሸንፋ። ሁለቱም አገሮች በዚህ ታሪክ ውስጥ ያሉ ናቸው። ዚምባብዌ ሮዴዥያ እየተባለች በጥቂት ነጮች ስትገዛ፣ በ1964 ዓ.ም. የአፍሪካ አገሮች ሙኒክ አንሄድም ብለው ስለተነሡባት ከኦሊምፒኩ ተባርራለች፤ ምሩጽ ነሐሱን ያገኘበት ያው ኦሊምፒክ ነው። ነፃ ከወጣች በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሁለት የራግቢ የዓለም ዋንጫዎች ተጫውታለች፤ አሁን የምትመለሰው ከ36 ዓመት በኋላ ነው። ናሚቢያ ደግሞ ኢትዮጵያ ዘ ሄግ ድረስ የተሟገተችላት ናት። ከ1992 እስከ 2016 ዓ.ም. በተደረጉት ሰባት የዓለም ዋንጫዎች ሁሉ ተሰልፋ አንድም ጨዋታ አላሸነፈችም። በዓለም ትልልቆች በሃምሳና በስድሳ ነጥብ እየተሸነፈች በየአራት ዓመቱ መመለሷን እንደ ውድቀት አላየውም። አገር ሆኖ በራስ ስም መሰለፍ ራሱ የተገኘው በሙግትና በደም ነውና።

እንግዲህ ለመከታተል የምታስቡ አድማጮች ይህን ያዙ። መክፈቻው ፐርዝ ሲሆን እዚያ ሰዓቱ ከእኛ በአምስት ሰዓት ይቀድማል። ፍጻሜው ሲድኒ ላይ ኅዳር 3 ቀን 2020 ዓ.ም. ይደረጋል፤ በዚያን ወቅት ሲድኒ ከእኛ በስምንት ሰዓት ትቀድማለች። እዚያ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ደብረ ኤልያስ ቀን 6 ሰዓት ነው። ጤፉ የሚደርስበት፣ ሥራ የሚበዛበት ወቅት በመሆኑ ሁሉን ጨዋታ ማየት ላይቻል ይችላል። ጊዜ ከጠበበ የዚምባብዌን ጨዋታዎችና ደቡብ አፍሪካ የምትገባባቸውን አስቀድሙ። ብሔራዊ መዝሙር ሲዘመር ካሜራው የአንዱን ቡድን ተጫዋቾች ፊት በየተራ ያሳያል፤ ያን ጊዜ ፊቶቹን ልብ ብላችሁ እዩ፣ የአያቶቻቸው ዘመን ቢሆን ኖሮ ከነዚህ ስንቶቹ ሜዳው ውስጥ ይገቡ ነበር ብላችሁም ለአጠገባችሁ ላለው ወጣት ንገሩት። ማርሽ ቀያሪው ምሩጽ ሞንትሪያል ላይ ለምን እንዳልሮጠ ከጠየቃችሁም ታሪኩ ይኸው ነው።